ጎመኑ ለምን ቶሎ አበበ?

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ጓሮ የተዘራ የሐበሻ ጎመን፣ ገና ቅጠሉ ሳይጠገብ ጁን ላይ ቢጫ አበባ ያወጣል። እናቶች «ዘሩ ተበላሽቷል» ይላሉ። ዘሩ ደህና ነው፤ የረዘመው ቀኑ ነው።

አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ነው። እዚህ ጁን ላይ 15 ሰዓት ይጠጋል። ሳይንቲስቶች በ1995 እ.ኤ.አ. አራቢዶፕሲስ ከተባለ የጎመን ዘመድ ላይ «ኮንስታንስ» የተባለ ጂን ለይተዋል። ሥራው ሌሎች ጂኖችን ማዘዝ ነው፤ ቀኑ ሲረዝም የማበቢያውን ጂን ይቀሰቅሳል። ተክሉም ቅጠሉን ትቶ ለዘር ይሮጣል። ሙቀቱም ያጣድፈዋል።

ስለዚህ ኦገስት አጋማሽ ላይ ዝሩት፤ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ቅጠሉ ይበረክታል። ያበበውንም ሁሉንም አትንቀሉት፤ ጥቂቱን ለዘር አስቀሩ።