ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ጠለፋ

ጨለማ ያለበት የፍቅር ታሪክ እወዳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የምለውን ያየ ሰው «ይህቺ ደግሞ ግብረገብ ልታስተምረን ነው» ብሎ ገጹን እንዳይገለብጥ ነው። ፍቅረኞቹ ተጋብተው፣ ወልደው ከብደው፣ በሰላም የሚያረጁበት ልብ ወለድ ቶሎ እንቅልፌን ያመጣዋል። ስለዚህ እዚህ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የጎረቤቴ ልጅ «እትዬ፣ ይሄን ከጀመርሽው አታስቀምጪውም» ብላ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በቴሌግራም ስትልክልኝ ደስ ነው ያለኝ። የደባርቅ ብርድ ባለበት፣ መብራት በሄደበት ማታ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸጉጦ በስልክ ብርሃን ለማንበብ ጨለም ያለ ፍቅር የሚመች ነገር የለም።

መጽሐፉ «365 ቀናት» ነው። ደራሲዋ ፖላንዳዊቷ ብላንካ ሊፒንስካ ስትሆን በአገሯ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ በ2020 ፊልሙ በኔትፍሊክስ ሲለቀቅ ዓለም አወቀው። ማሲሞ የተባለ የሲሲሊ ማፍያ አለቃ፣ ላውራ የተባለች ፖላንዳዊት ለዕረፍት ወደ ደሴቱ ብቅ ስትል ያስጠልፋታል። እንድትወደው የአንድ ዓመት ቀጠሮ ይሰጣታል። ትወደዋለች። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። በመሀሉ ብዙ ልብስና ጫማ ይገዛል፣ የቅንጦት መርከብ አለ፣ ለጋዜጣ የማይሆን ብዙ ገጽም አለ። ፊልሙ በዓመቱ የከፉ ፊልሞች ተብለው ከተመረጡት መሀል በድርሰቱ መጥፎነት አንደኛ ወጥቷል፤ ይህ ግን ተመልካች አላሳጣውም።

ዘርፉን «ዳርክ ሮማንስ» ይሉታል። በፈረንጅ አገር ገበያው ደርቷል፤ ወጣት ሴቶች ቲክቶክ ላይ እያለቀሱ ያስተዋውቁታል። አንዳንዱ መጽሐፍ ጠለፋ አለበት፣ ድብደባ አለበት እያለ በመጀመሪያው ገጽ ያስጠነቅቃል። እኔም ይህን ሁሉ ሰምቼ ልቤን አጠንክሬ ነበር የገባሁት። ቅሬታዬም ከዚህ ይጀምራል፤ መጽሐፉ አልጨለመም።

ያደግኩት ዳባት ነው። በእኛ በኩል ይበልጥ የበዛው ያለዕድሜ ጋብቻ ቢሆንም ጠለፋ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አላየሁም። ጠላፊ ብቻውን አይጠልፍም። ልጅቱ ከገበያ በየትኛው መንገድ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ሹክ የሚለው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሷ ዘመድ ነው። ዱላ ይዘው የሚከቡ ጎረምሶች ያስፈልጉታል። ወንዝ ተሻግሮ፣ በሌላ ቀበሌ፣ በሌሊት በሩን የሚከፍትለት አጎት ያስፈልገዋል። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። አባት መጀመሪያ ጠመንጃ ያነሳል፤ ወንድም ይፎክራል። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ «ከእንግዲህ ማን ያገባታል» የሚለው ሐሳብ በቤቱ ይገባና አባትም ይበርዳል። ደም እንዳይፋሰስ ተብሎ እርቅ ይወርዳል፣ ከብት ይቆጠራል፣ ይበላል ይጠጣል። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ጾም የማይገድፉ፣ ለቅሶ የማይቀሩ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው።

በሊፒንስካ መጽሐፍ ውስጥ ግን ማሲሞና ላውራ ብቻ ናቸው ያሉት። ሌላው አጃቢ ነው፤ ሻንጣ ይሸከማል፣ በር ይከፍታል፣ ይወጣል። በሩን የከፈተው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ምን አላት? እራቱንስ እንዴት ዋጠው? ደራሲዋ አልጠየቀችም። ለእኔ ጨለማው የነበረው እዚያ ነበር።

ከአባቴ ወገን የሆኑ፣ በልጅነታቸው ተጠልፈው የተዳሩ አንዲት አሮጊት አሉ። የመጽሐፉን ታሪክ አጫወትኳቸው። እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር።

«ቤቱ እንዴት ያለ ነው?» አሉኝ መጀመሪያ።

ሰፊ እንደሆነ፣ ባሕር ዳር እንደሆነ፣ ገረድና ዘበኛ እንዳለው ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን ሆነች? እኔን እኮ ያሳደሩኝ ከበግ ጋር ነው።» ብለው ሳቁ። ቆይተው፣ እኔ ሌላ ጨዋታ ጀምሬ ሳለ፣ አቋረጡኝ። «ሰውዬውን ይቅር ብዬዋለሁ፣ ነፍሱን ይማረውና። ያቺን ሴትዮ ግን እስከዛሬ አላልኳትም።» የትኛዋን ሴትዮ? የጠላፊውን አክስት። ሦስት ቀን ሙሉ ቆሎ እያቀረበች፣ እግራቸውን በሞቀ ውኃ እያጠበች፣ «ዝም በይ ልጄ፣ ሁላችንም እንዲሁ ነን» ትላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ባነሳሁት ቁጥር ያቺ አክስት ትመጣብኛለች። እሷም ተጠልፋ ይሆናል የተዳረችው። እጇ ለስላሳ ነው፤ ቆሎውም የታመሰው ከልብ ነው።

አንድ ነገር ግን ለሊፒንስካ ልመስክርላት፤ የጠለፋን ታሪክ በፍቅር የጨረሰችው እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም። የእኛ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋ በፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባችና ጋብቻው ከጸና ክስ አይመሠረትም ይል ነበር። መጨረሻው ሰርግ ከሆነ መጀመሪያው ወንጀል አይደለም ማለት ነው። ያ «ፈቃድ» ከላይ እንዳልኩት ባለ ቤት ውስጥ፣ በዚያ ቆሎ ፊት የሚሰጥ ፈቃድ እንደሆነ ሕግ አውጪው አላሰበውም፣ ወይም አስቦት አልፎታል። እስከ 1997 ድረስ በዚህ ኖርን። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ለጋብቻ ብሎ ሴት የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ፣ ኋላ መጋባታቸውም ከቅጣት እንደማያድነው ደነገገ። ስለዚህ «365 ቀናት»ን ሳነብ ፈረንጅ በ1949 ሕጋችን መሠረት የጻፈው ልብ ወለድ መሰለኝ።

በመሀሉ አበራሽ በቀለ አለች። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የ14 ዓመት ልጅ ሆና፣ አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ከታገተችበት ስታመልጥ የጠላፊውን ጠመንጃ ይዛ ወጣች፣ ሲያሳድዳትም ተኩሳ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆሞላት በነፃ ተለቀቀች፤ የአገር ሽማግሌዎች ግን ከቀዬዋ እንድትርቅ ፈረዱ። ታሪኳን መነሻ ያደረገው «ድፍረት» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ተሸልሟል። እዚያም ቢሆን የሚያስፈራው ሟቹ ብቻ አይደለም፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ረጋ ብለው የሚፈርዱት ሽማግሌዎችም ናቸው።

ይህን ሁሉ መጽሐፉን ለላከችልኝ ልጅ ነገርኳት። ነገሩን ለማካረርም የ2016ቱን ሰኔ አነሳሁባት። በዚያ ወር መጨረሻ ከዚሁ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የነበሩ ከመቶ በላይ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል፤ ለቤተሰቦቻቸውም ገንዘብ አምጡ እየተባለ ስልክ ሲደወል ነበር። ያንን ያየች ከተማ ልጅ እገታን እንደ ፍቅር ታነባለች ወይ አልኳት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ የማነበው ለዚሁ ነው» አለችኝ። «እዚያ ውስጥ እንደማይገድላት አውቃለሁ። መጨረሻውን አውቄ ነው የምፈራው። አውቶቡስ ላይ ግን መጨረሻውን ማንም አያውቅም።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ዌልሳዊቷ ዘፋኝ ዳፊ፣ ራሷ ታግታና ተደፍራ የነበረች፣ የ«365 ቀናት» ፊልም ይህን ግፍ አሽሞንሙኖ ያቀርባል ብላ እ.ኤ.አ. በ2020 ለኔትፍሊክስ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ ጽፋለች፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እጽፍ ነበር። የጎረቤቴ ልጅም ግን አልተሳሳተችም። አንባቢ የሚያስፈራውን ነገር በሚችለው መጠን ቀንሶ መጎንጨት መብቱ ነው፤ መጽሐፉ ይታገድ የሚል ሰው ቢመጣ ከእሷ ጋር ነው የምቆመው። የእኔ ጭቅጭቅ ከአንባቢዋ ሳይሆን ከደራሲዋ ጋር ነው።

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ በዛብህና ሰብለ ወንጌልን ብቻቸውን አልተዋቸውም። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ቆጠራቸው አሉ፤ ጉዱ ካሳ በምላሱ አለ። የበዛብህ እናትም አለች፤ ልጇ እንዲተርፍላት ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችው እናት። ልጇን ያሰረችው በፍቅር ነው። ያንን መጽሐፍ ዘግቼ ማንን እንደምጠላ ግራ ይገባኛል። ማሲሞን ግን መጥላትም መውደድም ቀላል ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ማታ ጨረስኩ።

«365 ቀናት» ተከታታይ ሁለት ክፍል አለው። ልጅቱ ልላክልሽ ወይ ብትለኝ ይቅርብኝ አልኳት፤ ይልቅ ቆሎ ስለምታቀርበው አክስት የጻፈ ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ።

«እሱን ማን ያነበዋል?» አለችኝ።