ጣዖቱን አፍርሰው ተረቱን ያቆዩ

በፎክሎር ትምህርት ላይ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «የጣዖት ተረት ምን ያደርግልናል? ክርስቲያን የሆነ ሕዝብ የጥንት አማልክቱን ቢረሳ አይሻለውም ወይ?» የሚል። እኔ በበኩሌ አይሻለውም ባይ ነኝ። ማስረጃዬ አርመኖች ናቸው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በትውፊታቸው መሠረት አርመኖች ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት ያደረጉት በ301 ነው። በጎርጎርዮስ ዘአርማንያ ዘመን የአማልክት አባት የአራማዝድ፣ የእናቲቱ የአናሂት፣ የዘንዶ ገዳዩ የቫሃግን ቤተ ጣዖቶች ፈረሱ። ታዲያ ቫሃግንን ዛሬ እንዴት አወቅነው? ያቆየልን ክርስቲያኑ የታሪክ ጸሐፊ ሞቭሴስ ኾሬናትሲ ነዋ! ቫሃግን ከሸንበቆ መሐል፣ ከጭስና ከነበልባል ውስጥ፣ ጸጉሩ እሳት ሆኖ መወለዱን የሚናገረውን ዘፈን ሰዎች ሲዘፍኑት በጆሮው እንደሰማ ገልጾ በመጽሐፉ አስፍሮታል። አላመነበትም፤ ግን አልጣለውም።

አስትጊክ የምትባለው የፍቅር አምላክም ጨርሳ አልጠፋችም። አርመኖች ከፋሲካ በኋላ በ98ኛው ቀን፣ በቫርዳቫር በዓል፣ ውሃ ይራጫሉ። ብዙ አጥኚዎች ልማዱን ከእሷ ጋር ያያይዙታል። ቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ በዚያው ቀን እኛ ቡሄ የምንለውን ደብረ ታቦርን ታከብራለች።

ትልቁ ማስረጃዬ ግን ለምስር ንጉሥ አልገብርም ያለው ጀግና፣ የሳሱኑ ዳዊት ነው። ታሪኩ ለዘመናት በአፍ ብቻ ሲነገር ኖሮ፣ በ1873 ጋሬጊን ስርቫንዝትያንትስ የተባለ የቤተ ክርስቲያን ሰው ክርፖ ከሚባል የሙሽ አካባቢ ገበሬ ሰምቶ ጻፈው። ሰውዬውን ሦስት ቀን አቆይቶ፣ እየለመነና እያባበለ ነው ያስተረከው። ከ42 ዓመት በኋላ፣ በ1915፣ የሙሽና የሳሱን አርመኖች በዘር ማጥፋቱ ተጨፈጨፉ፤ የተረፉትም ተበተኑ። መነኩሴው «ይሄ የገበሬ ወሬ ነው» ብሎ ቢያልፈው ኖሮስ? እሱ ከጀመረ ወዲህ ከ100 በላይ ቅጂዎች ተሰብስበዋል፤ ዩኔስኮም በ2012 የታሪኩን አተራረክ በማይዳሰስ የሰው ልጅ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል።

እንግዲህ ማመን ሌላ፣ መመዝገብ ሌላ ነው። ተረት መጻፍ እምነት የሚያስጥል ቢሆን ኖሮ፣ እነዚህ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብዕራቸውን ባላነሱ ነበር። ስለዚህ ፎክሎር የምናጠና ተማሪዎች፣ «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» እያልን ስንከራከር ተራኪው እንዳያመልጠን። ክርክሩ ይደርሳል፤ የሚያውቀው ሰው ግን አይጠብቀንም።