ሰሙን አይቶ ወርቁን የዘለለ ፍርድ

ቅኔ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ሰሙን ብቻ ተናግሮ ወርቁን የዘለለ ተማሪ ቅኔውን ፈታሁ ሊል አይችልም። ቤቱ ይመታል ብሎ ቢያመሰግን ምስጋናው ከንቱ ነው፤ ቃሉ በዝቷል ብሎ ቢነቅፍም ነቀፋው ከንቱ ነው። ይህንን ማንሣቴ፥ «ሲራኖ ደ ቤርዥራክ» ስለሚባለው የፈረንሳይ ቴያትር አመስጋኞቹም ነቃፊዎቹም የሰጡት ፍርድ እንደዚሁ ከሰሙ ላይ የቀረ መስሎ ስለ ታየኝ ነው።

ደራሲው ኤድሞን ሮስታን ነው። በአምስት ክፍል በግጥም የጻፈው ይህ ድርሰት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዲሴምበር 28 ቀን 1897 ዓ.ም. በፓሪስ፥ ፖርት ሴን ማርቴን በሚባለው ቴያትር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ነገሩም ባጭሩ ይህ ነው። ሲራኖ ጀግናና ባለ ቅኔ ነው፤ ዳሩ ግን አፍንጫው ከመጠን ያለፈ ስለ ሆነ ዘመዱን ሮክሳንን እየወደደ ፍቅሩን ለመግለጽ ያፍራል። መልከ መልካሙ ክሪስቲያንም ይወዳታል፤ እርሱ ደግሞ አንደበት የለውም። ስለዚህ ሲራኖ አንደበቱን አዋሰው፤ ደብዳቤውንም ይጽፍለት ጀመር። በ1640 ዓ.ም. በአራስ ከተማ ከበባ ክሪስቲያን በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሮክሳንም ወደ ገዳም ገብታ ዐሥራ አምስት ዓመት አለቀሰችለት። ሲራኖ በየሳምንቱ ቅዳሜ እየመጣ ሲጠይቃት ኖሮ፥ በሚሞትበት ዕለት የመጨረሻውን ደብዳቤ ሲያነብላት ቀኑ ጨለመ፤ እርሱ ግን በቃሉ ያነበው ነበርና ጸሓፊው ማን እንደ ሆነ ታወቀ።

አመስጋኞቹ ምን አሉ? ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው፤ ስመ ጥሩው ተቺ ፍራንሲስክ ሳርሴም በደስታ አወደሰው። በ1870ና በ1871 ዓ.ም. ጦርነት በጀርመኖች ድል የተነሣው፥ በድሬይፉስም ጉዳይ እርስ በርሱ መከፋፈል የጀመረው ሕዝብ፥ የአባቶቹን ልበ ሙሉነት በዚህ ቴያትር መልሶ ያገኘ መሰለው። ደራሲው ገና በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ የሌዥዮን ዶኔር ኒሻን ተሸለመ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ለፈረንሳይ አካዳሚ አባልነት ተመረጠ።

ነቃፊዎቹስ? ዡል ለሜትር የድርሰቱን ውበት ሳይክድ፥ አሮጌውን የፈረንሳይ ልማድ የሚሰበስብ እንጂ አዲስ ነገር የሚጀምር አይደለም አለ። ባለ ቅኔው ዤሃን ሪክቱስ ደግሞ በ1903 ዓ.ም. የሮስታን ዝና ማታለያ ነው የሚል ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም ወዲህ ብዙዎች ቃሉ ሽልማት ብቻ ነው እያሉ ያንኑ ነቀፋ ደጋገሙት።

ለዚህኛው ነቀፋ መልስ መስጠት አያስቸግርም። የቃል ሽልማት ነውር የሚሆነው ያለ ቦታው ሲገባ ነው። ሲራኖ መልኩ የነሣውን በቃሉ የሚክስ ሰው ነውና አነጋገሩ ባያምር ኖሮ ሲራኖ ባልሆነ ነበር። ባለ ቅኔው ቲ. ኤስ. ኤሊዮትም በ1919 ዓ.ም. ይህንኑ ቴያትር ምሳሌ አድርጎ፥ ያጌጠ ንግግር በቦታው ሲገኝ ተገቢ መሆኑን አስረድቷል።

ከነቃፊዎቹ ይልቅ ግን ሙግቴ ከአመስጋኞቹ ጋር ነው። የሲራኖን ዝምታ እንከን የሌለበት የዘላቂ ፍቅር አብነት አድርገው ያስተምራሉና። እስኪ ልጠይቃቸው፤ ዐሥራ አምስቱ ዓመት የማን ዓመት ነው? ሲራኖ የሚያውቀውን እያወቀ ዝም አለ፤ ሮክሳን ግን ባልጻፈው ደብዳቤ የወደደችውን ሰው እያለቀሰች፥ ደብዳቤውን የጻፈውን ሰው በየቅዳሜው እንደ እንግዳ ሸኘች። እርሱ መከራውን መርጦ ተሸከመ፤ እርስዋ ግን ሳትመርጥ ተጫነባት። መልከ ጥፉም ቢሆን ነፍሱን እወድዳለሁ ብላ በአራስ ሰፈር መናገርዋን ሲራኖ በጆሮው ሰምቶ ነበር። ስለዚህ አትቀበለኝም ብዬ ፈራሁ የሚለው ምክንያት ከዚያች ቀን በኋላ አይቆምለትም።

«የሞተውን ወዳጁን ክብር ለመጠበቅ ብሎ ነው» የሚሉኝ አሉ። ይህ መልካም መልስ ይመስላል፤ ነገር ግን አራተኛውን ክፍል ያላስተዋለ ሰው መልስ ነው። በዚያ ክፍል አንደበት የለውም የተባለው ክሪስቲያን፥ ሮክሳን የምትወደው የእርሱን መልክ ሳይሆን የሌላውን ነፍስ እንደ ሆነ ባወቀ ጊዜ፥ እውነቱ ሁሉ ይነገራት፥ ከሁለታችንም የወደደችውን ትምረጥ ብሎ ሲራኖን አዘዘው። ይህን ብሎ ሄደ፤ ወዲያውም ተመታ። እንግዲህ ይህ ቃል የሟች ኑዛዜ አይደለምን? ሲራኖ በሞት አፋፍ ላለው ወዳጁ ሁሉን ነግሬአታለሁ፥ የመረጠችውም አንተን ነው ብሎ መዋሸቱን እንደ ምሕረት እንቍጠርለት። ከቀብር በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት ዝም ማለት ግን ኑዛዜውን ማስቀረት እንጂ ማክበር ሊባል አይገባውም።

እንግዲህ የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው፤ ቃል ሁሉ የተሰጠው ሰው እውነቱን ሸሸገ፥ ቃል የተነፈገው ግን እውነቱ ይውጣ አለ። ተቺዎቹ ግን ስለ አፍንጫውና ስለ ግጥሙ ብዙ ወረቀት ሲጨርሱ፥ ስለ ክሪስቲያን የጻፉት ቂል መሆኑን ብቻ ነው። እኛም በቃል ሙያ የምንኖር ሰዎች ይህ ፍርድ እንዳይደርስብን ልንፈራ ይገባናል፤ የተማረው ሰው ውሸቱን ማሳመር ይችላልና።

ይህን ስል ሮስታንን መንቀፌ አይደለም፤ ወርቁን ያስቀመጠው እርሱ ራሱ ነው። በመጨረሻው ደብዳቤ ላይ የሲራኖን እንባና የክሪስቲያንን ደም በአንድ ወረቀት አኑሯል። እንባውን አይቶ ያለቀሰ ሰው መልካም አደረገ፤ ነገር ግን ደሙንም ያንብብ፤ አራተኛውንም ክፍል ከመዝለሉ በፊት ክሪስቲያን ያዘዘውን አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ያድምጥ።