ጎጆው በሻላ፣ ማዕዱ በአብያታ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንዱ ሻላ፣ ሁለተኛው አብያታ ይባላል። በመካከላቸው ኮረብታ አለ።

ሻላ በጣም ጥልቅ ነው። ከ250 ሜትር በላይ ይወርዳል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ዓሣ እምብዛም የለበትም። ነገር ግን በውስጡ ባለች ደሴት ላይ ፔሊካን የሚባሉ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ይፈለፍላሉ። ደሴት ማለት በውሃ የተከበበ መሬት ነው። ፔሊካን ከመንቁሩ ሥር እንደ ከረጢት የሚለጠጥ ቆዳ አለው። ታዲያ ዓሣ የሌለበትን ስፍራ ለምን መረጡ? ጅብና ቀበሮ ውሃውን ተሻግረው ስለማይደርሱባቸው ነው።

ምግባቸውስ ከየት ይመጣል? ከደሴቲቱ ሆኖ ያስተዋለ ሰው መልሱን ያገኛል። ወፎቹ በማለዳ አይነሱም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ ከፍ ይላሉ። ኮረብታውን አልፈው አብያታ ያርፋሉ። እዚያም እንደ ደቦ ሠራተኛ ተሰልፈው ዓሣውን ይከቡታል፤ ወደ ዳርም ይነዱታል። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ መንቁራቸውን ይነክራሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው! ሲመለሱም ጫጩቱ ራሱን በወላጁ ከረጢት ውስጥ ከቶ ይመገባል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን የተባሉ ተመራማሪዎች የእነዚህን ወፎች ኑሮ አጥንተው ጽፈዋል። በዚያን ጊዜ አብያታ በቆሮሶ ዓሣ የታወቀ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ለአብያታ ውሃ ከሚያመጡት ወንዞች አንዱ ቡልቡላ ነው። ቡልቡላ ከዝዋይ ሐይቅ ይነሳል። ከዝዋይና ከወንዙ ለመስኖ ብዙ ውሃ ተወሰደ። ከአብያታም ሶዳ አሽ ለማውጣት ውሃ ተሳበ። ሐይቁ ሸሸ፤ ጨዉ በረታ፤ ዓሣው ተመናመነ። ወፎቹም ለምግብ ሩቅ መብረር ግድ ሆነባቸው። በደሴቲቱ የሚፈለፍሉት በጣም ቀነሱ።

ልብ በሉ! የደሴቲቱን ጎጆ ያፈረሰ የለም። የጠፋው ማዕዱ ነው።

መስኖ ይቅር አንልም። ገበሬ ያለ ውሃ አይኖርም። ግን የሚያፈስ ቦይ ካለ እንጠግን። ማሳው ሲጠጣ ውሃውን እንዝጋ። ከላይ የምናባክነው ውሃ ከታች ላለው ሰው፣ ከብት፣ ዓሣና ወፍ ድርሻ ነው።

ጥያቄ፦
1. ፔሊካኖች በሻላ እየፈለፈሉ በአብያታ የሚመገቡት ለምንድን ነው?
2. የእናንተ ወንዝ ከእናንተ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ማንስ ይጠጣዋል? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።