ችግኝ ተከልን፤ የቆመውን ደን ግን ማን ይሟገትለታል?



ክረምት በመጣ ቁጥር ወጣቶቻችን ችግኝ ይዘው ይወጣሉ። እንተክላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንለጥፋለን። መልካም ነው። ችግኝ መትከል ሶደቃ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ግን እንጠያየቅ፦ በዋጫና በቦንጋ ዙሪያ የቆመው ያ ትልቅ ዛፍ በአንድ የፈቃድ ወረቀት ሊወድቅ ቢሆን፣ ወረቀቱን የሚሞግተው ማን ነው? ለዚህስ ከኪሳችን ስንት ብር አውጥተን እናውቃለን?

ጎረቤታችን ኬንያን እንመልከት። ላሙ ጥንታዊ የሙስሊሞች ከተማ ናት። አገራችንንም የሚጨምረው የወደብ፣ የመንገድና የነዳጅ ቱቦ ዕቅድ (ላፕሴት) የሚነሳው ከዚያ ነው። እዚያው አጠገብ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ሊገነባ ፈቃድ ወጣ። ነዋሪዎች «ሴቭ ላሙ» በሚል ስም ተሰባስበው፣ ጠበቃ ይዘው ተከራከሩ። እ.ኤ.አ ጁን 26 ቀን 2019 የኬንያ ብሔራዊ የአካባቢ ችሎት ፈቃዱን ሰረዘው። አንዱ ምክንያት ሕዝቡ በአግባቡ አለመጠየቁ ነው። ድንጋይ አልወረወሩም፣ መንገድ አልዘጉም። ይህን ያህል ጭስ የሚያስቀር ስንት ችግኝ ነው?

ሌላም አለ። ከኡጋንዳ እስከ ታንዛኒያ ወደብ 1,443 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋውን የድፍድፍ ነዳጅ ቱቦ በመቃወም ማኅበራት እ.ኤ.አ በ2020 ለምሥራቅ አፍሪካ ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ፍርድ ቤቱ በ2023 ክሱ ጊዜው አልፎበት ነው የቀረበው ብሎ ዘጋው። ልብ በሉ! የሰዎቹ መሬትና ውሃ ጉዳይ ገና በፍሬ ነገሩ ሳይታይ በቀን ቆጠራ ወደቀ። የሕግ ቀጠሮ መዋጮ እስኪሰበሰብ አይጠብቅም።

«ዋጫ ላይ የነዳጅ ቱቦ የት አለ?» የሚል ይኖራል። የለም። የካፋ ደን ግን እ.ኤ.አ በ2010 በዩኔስኮ ሲመዘገብ አብሮት የተመዘገበው የያዩ ደን ነው። በዚያው በያዩ የድንጋይ ከሰል የሚጠቀም የማዳበሪያ ፋብሪካ ተጀምሮ እንደነበር የማያውቅ የለም። የእኛ ቡና፣ ማርና ኮረሪማ የሚገኘውም ከደን ነው። ነገ ምን ፈቃድ እንደሚመጣ አላህ ያውቃል።

ሕጉ በር ከፍቶልናል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው «አንተን ምን አገባህ?» ሳይባል አካባቢን በሚጎዳ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። እንግዲህ አንድ ማር ቆራጭ በዚህ ጊዜ ውስጥ ጠበቃ የሚያቆመው፣ የጥናቱን ሰነድ የሚያነብለት ባለሙያ የሚያገኘው፣ ቦንጋ የሚመላለሰው በምን ገንዘብ ነው?

«የውጭ ድርጅት ይረዳዋል» አንበል። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪሻር ድረስ የመብት ሥራ ምን ያህል እንደደረቀ አይተናል። በሰው ገንዘብ የቆመ መብት የሰውየው እጅ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል።

ስለዚህ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ለዚህ ጉዳይ ቋሚ ወቅፍ ይቋቋም። የቡና ማሳ ይሁን የሚከራይ ሱቅ፣ ዋናው ሳይነካ የዓመት ገቢው ለጠበቃና ለባለሙያ ይዋል። ክሱ በሚመጣበት ቀን ገንዘቡ ቆሞ ይጠብቅ።

«ይህ ፊትና ነው፣ ከመንግሥት ያጋጨናል» ለምትሉ ወንድሞቻችን፦ ፍርድ ቤት የመንግሥት ተቋም ነው። ሐቅን በሕግ መጠየቅ ፊትና ከሆነ ዳኛ ለምን ተሾመ? ሶብር ማለት ዙልምን እያዩ ዝም ማለት አይደለም።

«መጀመሪያ ድሃው ይብላ» ለምትሉም፦ ዘካ ለስምንቱ ባለመብቶች ነው፤ አንነካውም። ግን ደኑን ያጣ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ዘካ ጠያቂ ሆኖ ይመጣል።

«ደን ውስጥ የሚኖሩት ማንጆዎች የእኛ ሰዎች አይደሉም» የሚለው ግን ከሁሉ ያሳፍረናል። እነዚህ ወገኖች በገበያውም በማዕዱም ሲገለሉ ኖረዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገና ሳይላኩ በመካ የተካፈሉበትን ሒልፈል ፉዱልን እናስታውስ። ቃል ኪዳኑ የተገባው ከየመን መጥቶ ሐቁን ለተነጠቀ፣ ዘመድ ለሌለው እንግዳ ነጋዴ ነበር። ከነቢይነት በኋላም ወደ እንዲህ ያለ ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። የመዝሉም ዘሩና ሃይማኖቱ አልተጠየቀም። እኛ ለመጠየቅ ማን ነን?

የመስጂድ ኮሚቴዎች ሆይ፣ ከጁሙዓ በኋላ ይህን ለጀማዓው አንሱት። የሕግ ባለሙያ የሆናችሁ በዓመት አንድ መዝገብ በነፃ ያዙ። ገበሬዎቻችን ደግሞ ስለ መሬታችሁ ስብሰባ ሲጠራ ቅሩ እንዳትሉ፤ ሰነዱን ጠይቁ፣ ቀኑንም ጻፉ።

አላህ ለመዝሉም ከሚቆሙት ያድርገን፤ ደናችንንም ለልጆቻችን ያቆይልን። አሚን።

ላልደረሳቸው ሼር አድርጉ።