በ5 ዶላር ገዝቶ በ30 መሸጥ ትርፉ ስንት ነው?

ብርዱ ለቆ ዛፉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ቅዳሜ ጠዋት በየመንገዱ ማዕዘን ላይ አንድ ማስታወቂያ ይበዛል፤ በካርቶን ላይ በእጅ የተጻፈ፣ ቀስት የተሠመረበት «ያርድ ሴል» የሚል። ቀስቱን ተከትሎ የሄደ ሰው የአንድ ቤተሰብ የሃያ ዓመት ኑሮ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ያገኛል። ድስቱ፣ መብራቱ፣ የልጆቹ ብስክሌት፣ መጽሐፉ፣ ካፖርቱ፣ አብዛኛው በአንድና በሁለት ዶላር ነው። ባለቤቱ የሚፈልገው ገንዘቡን ሳይሆን ቦታውን ነው። ቀኑ ሳይመሽ የሚገላግለው ሰው ካገኘ ደስታው ነው።

ከዚያ ሣር ላይ የተለቀመ ዕቃ ተጠራርጎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ በኢንተርኔት ሲሸጥ ዛሬ ለብዙ ሰው የጎን ገቢ ሆኗል። ከእኛም ሰዎች መሐል የጀመሩት አሉ፤ ልጀምር እያሉ የሚያመነቱት ደግሞ ይበዛሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲነዳ ወይም ፓርኪንግ ሲጠብቅ የከረመ ሰው ያለችውን አንዲት ቅዳሜ ለዚህ ሥራ ሊሰጥ ሲያስብ፣ በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት ነገር ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ነው። የዛሬው ጨዋታችንም ይኸው ነው።

በቅድሚያ ስለ ኀፍረቱ አንድ ነገር እንበል። «አሜሪካ መጥቼ ደግሞ ሰልባጅ ልልቀም?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ለመሆኑ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ? «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ የሰበሰበው ቆርቆሮ እዚያ ደርሶ የከሰል ምድጃ ይሆናል። አንዱ የጣለውን ሌላው ዋጋ ሰጥቶ መሸጥ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በዓለም ትልቅ ከሆኑት የኢንተርኔት ገበያዎች አንዱ የሆነው ኢቤይም ቢሆን በ1995 ሲጀመር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በቅድሚያ የተሸጠበት ዕቃ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። ገበያውን ያቋቋመው ፒየር ኦሚድያርም ፓሪስ የተወለደ የኢራናውያን ልጅ ነው። ስለዚህ ኀፍረቱን ትተን ወደ ሂሳቡ እንሂድ።

ሰውን የሚያማልለው ወሬ የታወቀ ነው። በኒው ዮርክ ስቴት አንድ ቤተሰብ በ2007 ከያርድ ሴል በ3 ዶላር የገዛው ጎድጓዳ ሳሕን፣ የሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው የቻይና ሸክላ ሆኖ ተገኘና በ2013 ኒው ዮርክ ውስጥ በሶዝቢ ጨረታ ከ2 ሚሊዮን 200 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። በኮኔቲከት ደግሞ አንድ ሰው በ35 ዶላር ያነሣው ሌላ የቻይና ሳሕን በ2021 ከ700 ሺህ ዶላር በላይ አወጣ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን የሎተሪ ዕጣ የወጣለትን ሰው ተመልክቶ ሎተሪን ሥራ ያደረገ ሰው ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ አይደል የሚለው ተረቱ? የእኛን ቅዳሜ የሚወስነው የቻይናው ሳሕን ሳይሆን ተራው የቡና መፍጫ ነው።

እንግዲህ ያንን የቡና መፍጫ እንውሰድ። በ5 ዶላር ገዙት፤ ኢንተርኔት ላይ መላኪያውን ራስዎ ችለው በ30 ዶላር ሸጡት እንበል። ለጓደኛ ሲወራ «25 ዶላር አተረፍኩ» ይባላል። እስቲ ወረቀት እናውጣ። ገበያው በአብዛኛው ዕቃ ላይ ከመቶ 13 ያህልና ጥቂት ሳንቲም ይቆርጣል፤ የሚቆርጠውም ከዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ገዢው በከፈለው የሽያጭ ታክስ ላይ ጭምር አስልቶ ነው። 4 ዶላር ከ50 እንያዝለት። ለፖስታ 9 ዶላር ከ50፣ ለካርቶንና ለማሸጊያ 1 ዶላር። መግዣው 5 ዶላር። ሲደመር 20 ዶላር ነው። እጅዎ ላይ የቀረው 10 ዶላር ብቻ ሆነ ማለት ነው።

አላለቀም። ዕቃውን ለማግኘት ዞረዋል፤ ቤት አምጥተው አጥበዋል፤ ይሠራ እንደሆን ሞክረዋል፤ ፎቶ አንሥተዋል፤ ጽፈዋል፤ «አሁንም አለ?» ለሚል ሰው ሁሉ መልስ ሰጥተዋል፤ አሽገዋል፤ ፖስታ ቤት ተሰልፈዋል። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ፣ ቤንዚኑን እንኳ ሳንቆጥር ለሰዓት 5 ዶላር ሠሩ። በሜሪላንድ ከ2024 ጀምሮ የስቴቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። ማንም ቀጣሪ ሊከፍልዎ የማይችለውን ደመወዝ ለራስዎ ከፈሉ ማለት ነው! ሰው ዓመቱን ሙሉ ደክሞ «የት ገባ ገንዘቡ?» የሚለው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ማለት ሥራው አያዋጣም ማለት አይደለም። ትርፉ የሚገኘው ሲሸጡ ሳይሆን ሲገዙ ነው ማለት ነው። የሚያተርፈው ሰው በብዛት የሚገዛ ሳይሆን አብዛኛውን ዕቃ አይቶ የሚያልፍ ነው። ለዚህም የሚረዱ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ዕቃው ሣር ላይ እንዳለ ስልክዎን አውጥተው ዋጋውን ይዩ። ነገር ግን ሻጮች የጠየቁትን ዋጋ አይመልከቱ፤ መጠየቅ ማንም ይጠይቃል። ኢቤይ ላይ «ሶልድ» የሚለውን ሲመርጡ ዕቃው በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ይወጣል። በቅርቡ አሥር ጊዜ የተሸጠ ዕቃና አንድ ጊዜ ብቻ የተሸጠ ዕቃ አንድ አይደሉም። የኋለኛው ቤዝመንትዎ ውስጥ ዓመት ይተኛል።

ሁለተኛ፣ ከባድና ተሰባሪ ዕቃ በፖስታ ለመላክ አይግዙ። ወንበር፣ ጠረጴዛና የመሳሰለው በሰፈር ለሚመጣ ገዢ፣ ለምሳሌ በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ፣ ሲሸጥ ነው የሚያዋጣው፤ ገዢው ራሱ መጥቶ ይጭነዋል። መጽሐፍ ግን ቢከብድም ፖስታ ቤቱ «ሚዲያ ሜይል» በሚለው ልዩ ዋጋ በርካሽ ይወስደዋል።

ሦስተኛ፣ ገዢውን ይጠንቀቁ። «ከዋጋው በላይ ልኬልሃለሁና ትርፉን መልስልኝ» የሚል፣ ወይም «እውነተኛ ሰው መሆንህን ላረጋግጥ፣ ስልክህ ላይ የመጣውን ቁጥር ንገረኝ» የሚል ሌባ ነው። ቁጥሩን ለማንም አይስጡ። ገንዘቡ መግባቱንም እሱ ከላከው ኢሜይል ሳይሆን ከራስዎ የባንክ ሂሳብ ይዩ። ለርክክብም ከቤትዎ ይልቅ ሕዝብ የሚያይበት ቦታ ይቅጠሩ፤ ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች ለዚሁ ብለው ቦታ መድበዋል።

አራተኛውን ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። የሕፃን ዕቃ ሲሆን እጅዎን ሰብሰብ ያድርጉ። ጎኑ ወደ ታች የሚወርደው የሕፃን አልጋ ሕፃናትን ስለገደለ ከሰኔ 2011 ወዲህ በአሜሪካ መሸጡ ተከልክሏል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ከየጋራዡ ይወጣል። ፊሸር ፕራይስ «ሮክ ኤን ፕሌይ» የሚባለውን የሕፃን ማስተኛ በ2019 ሲጠራ 4 ሚሊዮን 700 ሺህ ያህሉ ተሸጦ ነበር። በ2008 በወጣው ሕግ መሠረት አምራቹ እንዲመለስ የጠራውን ዕቃ አሮጌም ቢሆን መሸጥ ክልክል ነው። የመኪና የሕፃን ወንበርም ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ከዚህ ቀደም አደጋ ደርሶበት እንደሆነ ግን በዓይን አይታወቅም። ከዚህ የሚገኝ 20 ዶላር ይቅርብን። ለራሳችንም ልጅ ሆነ ትናንት ለመጣ ወገን ልጅ ስንሰጥ ይህንኑ እናስብ።

ስለ ታክሱም ዝም ብለን ብናልፍ ደግ አይሆንም። በ2025 የወጣው ሕግ ገበያዎቹ 1099-ኬ የሚባለውን ወረቀት የሚልኩበትን ወለል ከ20 ሺህ ዶላርና ከ200 ሽያጭ በላይ ወደሚለው ወደ ድሮው መልሶታል። ብዙዎች «ወረቀት ካልመጣ ታክስ የለም» ይላሉ፤ እንዲህ አይደለም። ለማትረፍ ገዝቶ የሚሸጥ ሰው ከወጪ ቀሪ ትርፉን ማሳወቅ አለበት፤ በራስ ሥራ የተገኘው የተጣራ ገቢ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ደግሞ የሶሻል ሴኩሪቲው ክፍያ ይከተላል። በ200 ዶላር ገዝተው ሲቀመጡበት የኖሩትን ሶፋ በ50 ቢሸጡት ግን ትርፍ ስለሌለው ታክስም የለበትም። የቤት ኪራይ ድጎማ ወይም ሜዲኬይድ ያለው ሰው ይህን ገቢ ቢደብቅ ጦሱ ለራሱ ነው። የሥራ ፈቃድ ገና ያልያዘ ወገን ደግሞ ጠበቃውን ሳይጠይቅ አይጀምር፤ በራስ መሥራትም ሥራ ተብሎ ሊቆጠር ይችላልና። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አንዲት ደብተር ናት። የገዙበትን ቀን፣ ዋጋውን፣ የነዱትን ማይልና የፖስታውን ወጪ ጻፍ ጻፍ ያድርጉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከላይ ያልነው ሁሉ አንድ ነገር ያስተምራል፤ በዚህ ንግድ ካፒታሉ ገንዘብ አይደለም፤ ዕውቀት ነው። ያ የ3 ዶላር ሳሕን ሻጩ ቤት 3 ዶላር፣ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ሚሊዮን ነበር። ታዲያ እኛ ጎረቤታችን የማያውቀው ምን እናውቃለን? ብዙ እናውቃለን!

ከ1962 ጀምሮ ብዙ አሜሪካውያን በሰላም ጓድነት ኢትዮጵያ ገብተው አስተምረዋል። አሥመራ በነበረው በቃኘው ጣቢያም እስከ 1977 ወታደሮቻቸው ከነቤተሰባቸው ተመላልሰዋል። ሲመለሱ መሶቡን፣ የብር መስቀሉን፣ ሥዕሉን፣ የአማርኛ መጽሐፉንና ሸክላውን ይዘው ተመልሰዋል። ዛሬ እነዚያ ሰዎች አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። ልጆቻቸው «እስቴት ሴል» ብለው ቤቱን ከነዕቃው ሲሸጡ፣ የግዕዙን ፊደል አይቶ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ገዢ እርስዎ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሸክላን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሙላቱ አስታጥቄ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት ሸክላዎች በ1966፣ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን ደግሞ በ1972 ያወጣቸው እዚሁ ኒው ዮርክ ነው። የመጀመሪያው ኅትመት ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ በመቶ ዶላሮች ይሸጣል። ከ1969 እስከ 1975 የአምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው የማሕሙድና የሌሎችም ሸክላዎች፣ «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሲዲ ተከታታይ በ1997 ፓሪስ መውጣት ከጀመረ ወዲህ ፈረንጁ በአምፖል ይፈልጋቸዋል። እንዲህ ያለው ሸክላ አንድ ዶላር በተጻፈበት ሣጥን ውስጥ ከቆዩ የፈረንጅ ዘፈኖች ጋር ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል። የቡና መፍጫውን ማንም ያገኘዋል፤ ይኸኛውን ግን የሚያውቀው ብቻ ነው የሚያነሣው።

ይሁንና ሁሉም ነገር ለገበያ አይደለም። የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ቢያጋጥምዎ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ፤ የሚያውቁ ሰዎችን ያማክሩ። ሮተርዳም ይኖሩ የነበሩት ስደተኛው ሲራክ አስፋው በ1998 እቤታቸው በእንግዳ ሻንጣ ውስጥ ያገኙትን ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ዘውድ ሃያ ዓመት ያህል ደብቀው አቆይተው በ2020 ለአገሩ መልሰዋል። ቢሸጡት ኖሮ ገዢ አያጡም ነበር።

የመጨረሻው ቃላችን ለልጆቻችን ነው። የእኛም ቤት አንድ ቀን ያርድ ሴል ይሆናል። አባት ከአገር ሲወጣ በሻንጣ ያመጣው መጽሐፍ፣ እናት በጨርቅ ጠቅልላ ያስቀመጠችው ሸክላ፣ የሰባዎቹ የተማሪዎች ማኅበር መጽሔት፣ አማርኛ በማያነብ ልጅ እጅ «የወላጆቼ ወረቀት» ተብሎ ለቆሻሻ ይወጣል፤ ወይም በአንድ ዶላር ይሄዳል። ስለዚህ የሌላውን ሣጥን ለመፈተሽ ቅዳሜ ማለዳ ከመነሣታችን በፊት፣ አንዱን እሑድ ከልጆቻችን ጋር ቁጭ ብለን የራሳችንን ሣጥን እንክፈት። ይህ ምንድን ነው፣ ከየት መጣ፣ የማን ነበር፣ የሚሸጠው የትኛው ነው፣ የማይሸጠውስ የትኛው ነው፤ በወረቀት ላይ ጽፈን ክዳኑ ላይ እንለጥፍበት።