ኖታ ያለበት መጽሐፍ ለቆራሌው አይሰጥ



ባለፈው ቅዳሜ ቆራሌው ከአንዲት ጎረቤቴ ደጅ በማዳበሪያ ከጠቀጠቀው አሮጌ ወረቀት ውስጥ አንድ የእንግሊዝ የገና መዝሙሮች ጥራዝ አየሁ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ የግጥሙ ኖታ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ከፍዬ አስቀረሁት። ጎረቤቴ «የፈረንጅ መዝሙር ምን ሊያደርግልህ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። መልሴ ይኸውና።

በ1582 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ በጀርመን በምትገኘው በግራይፍስቫልድ «ፒዬ ካንቲዮኔስ» የተሰኘ፣ በፊንላንድና በስዊድን ተማሪዎች ይዘምሯቸው የነበሩ የላቲን መዝሙሮችን ከነዜማቸው የያዘ መጽሐፍ ታተመ። በ1853 አንድ ቅጂ በስቶክሆልም በነበረ የእንግሊዝ ዲፕሎማት በኩል ከጆን ሜሰን ኒልና ከቶማስ ሄልሞር እጅ ገባ። ሄልሞር የጥንቱን ኖታ ወደ ዘመኑ መለሰ፤ ኒል ደግሞ የጸደይን ወራት ለሚያወድስ አንድ ዜማ ስለ ደጉ ንጉሥ ዌንስስላስ አዲስ ግጥም ጻፈለት። ዛሬ በገና ሰሞን የሚዘመረው ይኸው ነው። እስቲ አስቡት! ያ ቅጂ በ271 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን የስኳር መጠቅለያ ሆኖ ቢሆንስ?

ግጥም ብቻውን ቢተርፍ አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። አይበቃም። በእንግሊዝ አገር በነጠላ ወረቀት እየታተሙ በርካሽ ይሸጡ የነበሩት የገና መዝሙሮች አብዛኛውን ጊዜ ቃል እንጂ ዜማ አልነበራቸውም። ዴቪስ ጊልበርት የተባለው የፓርላማ አባል በ1822 የልጅነቱን የገና መዝሙሮች ሲያሳትም ዜማውን አብሮ ያወጣው በከንቱ አልነበረም። የእኛው የያሬድ ዜማም ምልክት አለው፤ ይሁንና ምልክቱ የሚያስታውሰው ከመሪጌታ እግር ሥር ተቀምጦ ለተማረ ነው። ባለ አምስት መስመሩ ኖታ ግን ዜማውን ጭራሽ ሰምቶት የማያውቅ ሰው እንኳ ሊያወጣው ይችላል።

ስለዚህ ቆራሌው ሲጣራ ከመስጠታችሁ በፊት መጽሐፉን ገለጥ አድርጉ። አምስት መስመርና በላዩ የተደረደሩ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ካያችሁ ለብቻው አስቀምጡልን። የተቀደደ ገጽ ቢኖርበት በፕላስተር አትለጥፉት፤ ወረቀቱን ይበላዋል። እርጥበት ካለበት ቦታም አርቁት።

ያስቀረሁት ጥራዝ ቤቴ አለ። ኦርጋን የሚጫወት የሠፈራችን ወጣት ካለ መጥቶ ይሞክረው። ጎረቤቴም ቡናውን እኔ አፈላለሁ ብለዋል።